ሐይቅ ለምሳ ብቻ አትሂዱ

ከደሴ ወጥቶ ሐይቅ ላይ ዓሣ በልቶ መመለስ የኛ ሰው የእሑድ ልማድ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ዓሣ ያዛል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃውን ከኋላው አድርጎ ፎቶ ይነሳል፣ አሥራ አንድ ሳይሞላ ደሴ ተመልሶ ቡና ይጠጣል። እንግዳ ሲመጣበትም የሚያስጎበኘው ይህንኑ ነው። በዚህ አካሄድ የሚታዩት ግን ሐይቅ ካሏት ሰዓቶች ሁሉ የማይረቡት ናቸው። ነፋሱ የሚነሳው፣ ዓሣው ከውሃ ከወጣ ግማሽ ቀን የሚሞላው፣ ወፎቹ ጥላ ፍለጋ የሚበተኑት፣ መነኮሳቱም ወደ በኣታቸው የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። ሐይቅ የጠዋት አገር ናት። ከሰዓት ገብቶ፣ አድሮ፣ ንጋቱን አይቶ የሚመለስ ሰው ሌላ አገር ያያል። ከዚህ በታች ያለው ለዚያ ዓይነቱ ጉዞ ነው።

መንገዱ

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው እስከ ደሴ ያለው 400 ኪሎ ሜትር የሙሉ ቀን መንገድ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ሐረጎን ወጥቶ ደሴ። በአውሮፕላን የሚመጣ ኮምቦልቻ ነው የሚወርደው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም ሐረጎ ዳገትና ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ ከፊት አንድ የጫነ ተሳቢ ካለ ሰዓቱ ይበላል። በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሐይቅ እገባለሁ ማለት ትርፉ ድካም ነው። ደሴ አድሮ በማግስቱ መውረዱ ይሻላል፤ ጠዋቱንም አይጠየፍን ለማየት ይጠቀሙበታል፤ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው።

የመንገዱን ሰላም ከዋዜማው ሳይሆን በዕለቱ ጠዋት ጠይቁ። የምትጠይቁትም የሆቴል እንግዳ ተቀባይን ሳይሆን መናኸሪያ ውስጥ በዚያው መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮችን ይሁን። ትናንት የተከፈተ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል፤ ቀድሞ የሚያውቀውም ሹፌሩ ነው። መታወቂያ በኪስ ይሁን፣ በሻንጣ ውስጥ አይቀበር፤ ኬላ ላይ ሻንጣ ከጣሪያ አስወርዶ መታወቂያ የሚፈልግ ተሳፋሪ መኪናውን ሙሉ ያስቆማል።

ከደሴ መናኸሪያ ሁለት ዓይነት ሚኒባስ አለ። አንዱ እዚያው ሐይቅ የሚያበቃ ነው። ሌላው ወደ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ ወይም ወልዲያ የሚያልፍ ነው። ረዳቱ «ሐይቅ! ሐይቅ!» እያለ ቢጣራም፣ የሩቁ መኪና ሩቅ ተሳፋሪ ይፈልጋልና፣ የሐይቁን ሰው መጨረሻ ላይ ወይም ሙሉ ታሪፍ አስከፍሎ ሊጭን ይሞክራል። ከመቀመጣችሁ በፊት «ሐይቅ ወራጅ ነኝ፣ ስንት ነው?» ብላችሁ ቁረጡ፤ ከተቀመጡ በኋላ መከራከር አይሆንም። ቦታ መምረጥ ከቻላችሁ ደግሞ በቀኝ በኩል፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፤ ሐይቁ ብቅ የሚለው በዚያ ወገን ነው።

ከደሴ እንደወጣችሁ የሚያገኛችሁ ሜዳ ቦሩ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት ጉባኤውን ያካሄዱት እዚህ ነው፤ ከጉባኤው በኋላ የመጣው፣ ሙስሊሙ ክርስትና እንዲነሣ ያዘዘው ውሳኔ ለወሎ ሙስሊሞች ምን እንዳስከተለ የማያውቅ የወሎ ሰው የለም። መኪናው አይቆምም፣ ለመቆምም የሚያበቃ ምልክት መንገዱ ላይ አይታይም፤ ቢሆንም የት እንዳለፋችሁ ማወቁ አይከፋም። ከዚያ መንገዱ ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐይቅ 2,000 ግድም፤ ደሴ ላይ የደረባችሁትን ሹራብ ሐይቅ ስትደርሱ ታወልቃላችሁ። ግን ወደ ሻንጣው ሥር አትክተቱት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች የውሃው ዳር ብርድ ጋቢ ያስፈልገዋል።

አንድ የተለመደ መደናገር አለ። ከተማዋና ውሃው በአንድ ስም ቢጠሩም ጎን ለጎን አይደሉም። ሚኒባሱ የሚያወርዳችሁ ከተማዋ መሃል አስፋልቱ ላይ ሲሆን ከዚያ እስከ ውሃው ዳር ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ባጃጅ ይዛችሁ «ሐይቁ ዳር» ካላችሁ ሊወስዳችሁ የሚችልባቸው ቦታዎች ከአንድ በላይ ናቸውና፣ የማደሪያውን ስም ወይም «ገዳሙ» ብላችሁ ለይታችሁ ንገሩት። በሰው ነው ወይስ በኮንትራት የሚለውንም ሳትሳፈሩ ጨርሱ።

የት ማደር

ምርጫው ሁለት ነው፤ አስፋልቱ ላይ ያሉት የከተማ ሆቴሎች ወይም ውሃው ዳር ያሉት ማደሪያዎች። የከተማው ይረክሳል፣ ምግብና ትራንስፖርትም በደጅ ነው። ለጠዋቱ ብላችሁ ከመጣችሁ ግን ዳሩ ላይ እደሩ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከከተማ ባጃጅ መፈለግ የጉዞውን ዓላማ ያበላሻል። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁ አረጋግጡ። ቧንቧውን ክፈቱት፤ «ውሃ አለ» ማለት በጀሪካን አለ ማለትም ሊሆን ይችላል። አጎበሩን ዘርግታችሁ በብርሃን እዩት፤ ቀዳዳ ያለው አጎበር ከሌለው አይሻልም። ሦስተኛው፣ በተለይ በጥርና በሚያዝያ ቅዳሜና እሑድ፣ «ሠርግ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠርግ ካለ ድምፅ ማጉያው እስከ እኩለ ሌሊት አያስተኛም፤ ሠርጉ ላይ ተጋባዥ ካልሆናችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ወባን በተመለከተ፣ አካባቢው ወባ በሚታይበትና በማይታይበት ከፍታ ወሰን ላይ ነው ያለው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ መጠንቀቁ ይበጃል፤ ምሽት ላይ ረጅም እጅጌና ካልሲ፣ ሌሊት አጎበር።

ገንዘብ በጥሬው ያዙ። ባንክ ከተማዋ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ኤቲኤሙም ቴሌብሩም አብረው ይጠፋሉ፣ ጀልባ ቀዛፊውና የገዳሙ በረኛ ደግሞ የሚፈልጉት ዝርዝር ብር ነው።

ውሃው

የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከዳር ሆኖ ለሚያየው ጥልቅ አይመስልም፣ ግን ብዙም ሳይርቅ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዋና እችላለሁ ብሎ የሚተማመን ወጣት የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ውሃ ገብቶበት በወንዝ አይወጣበትም። ዋናው ገባሪ ከላይ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው የአንቀርቃ ወንዝ ነው። የድሮ ስሙ ሎጎ ይባላል፤ ሽማግሌዎች ዘንድ አሁንም ትሰሙታላችሁ።

ስለ አፈጣጠሩ የሚነገረውን ከቀዛፊዎቹ ሳትሰሙ አትመለሱም። አንዲት ልዕልት በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ትሠራለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ምድሩን ሁሉ ውሃ ያደርገዋል፤ ልዕልቷ ከነወገኖቿ ትሰጥማለች፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሳይነካ ይቀራል። ያ መሬት ዛሬ ገዳሙ ያለበት ነው ይባላል። ድሮ ደሴት ነበረ፤ አሁን አንድ ጎኑ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግርም በባጃጅም ይደረስበታል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዳሩ ላይ ሁኑ። ውሃው እንደ ምጣድ ለጥ ብሎ የሚታየው ከዚያ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማታ ተዘርግቶ ያደረው መረብ የሚነሳው ንጋት ላይ ስለሆነ ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ ታዩዋቸዋላችሁ፤ ከታንኳው ጀርባ ደግሞ የተጣለ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጠብቁ ወፎች ይከተላሉ። ፔሊካንና ይብራ ለመለየት መነጽር አያስፈልግም፣ ለሌሎቹ ግን ካላችሁ ያዙ።

ጀልባ የምትፈልጉ ከሆነ በዚሁ ሰዓት ውጡ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ትንሽ ጀልባ ጎኗን ለማዕበል እየሰጠች ትናወጣለች፤ ቀዛፊው ለምዶታል፣ እናንተ አልለመዳችሁም። ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ተነጋገሩ፤ ዋጋው በሰው ነው በጀልባ፣ ደርሶ መልስ ነው የአንድ ጉዞ፣ ገዳሙ ጋ ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለስንት ሰው አለ። ጃኬቱ ከሰው ቁጥር ካነሰ ሁለት ዙር ሂዱ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ሳይከርም ይለወጣል።

እግር መንከር የሚለውን ነገር ግን በቁም ነገር ያዙት። አካባቢው ቢልሃርዚያ ያለበት ነው፤ ሐይቅ ከተማ የተመረመሩ ተማሪዎች ላይ በብዛት ተገኝቷል። ጥገኛው የሚያድገው በዳር ጥልቀት በሌለው፣ ሣርና ደንገል ባለበት ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ስትበረታ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ምሳ በልቶ ሱሪውን ሰብስቦ ለፎቶ ውሃ ውስጥ የሚቆም ሰው ከሰዓቱም ከቦታውም የከፋውን መርጧል ማለት ነው። ወንዞቹና የመስኖ ቦዮቹም ከዚህ አይለዩም። ቀድሞ የነካችሁ ከሆነ ቶሎ በፎጣ ማድረቅ ጥቂት ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። በቀናት ውስጥ ቆዳ ማሳከክ፣ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ከመጣ ለሐኪሙ «ሐይቅ ነበርኩ» በሉ። የሰገራ ምርመራ ቶሎ ቢደረግ እንቁላሉ ላይታይ ስለሚችል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ መደገም አለበት። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል።

ዓሣው

በሐይቁ ውስጥ በብዛት የሚያዘው ቆሮሶ ከጥንት የነበረ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። ከእሱ ሌላ አምባዛና ካርፕ አለ።

ምግብ ቤት ስትገቡ የተጠበሰውን ከማዘዛችሁ በፊት ጥሬውን አሳዩኝ በሉ፤ እዚህ ነውር አይደለም። ስንጥቡን ገለጥ አድርጉ፤ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው፣ ወደ ቡናማ ከሄደ ያደረ ነው። ዓይኑ ጎበጥ ብሎ የጠራ ይሁን፤ የሰመጠና የደፈረሰ ዓይን ያለውን ተዉት። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ መነሳት አለበት። ከአራትና አምስት ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ጠዋት የወጣውን ታገኛላችሁ፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ በሞቃት ቀን የሚቀርብላችሁ ወይ ከማቀዝቀዣ የወጣ ነው ወይ ጥላ ሥር የዋለ። በዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ከቀትር በፊት የሚያልቅበት ቀን አለ።

ሙሉውን የተጠበሰ ዓሣ የሚያበላሸው በአብዛኛው ዘይቱ ነው። በደንብ የሚሠራ ቤት ቅርፊቱን ፍቆ፣ ሆዱን አጥቦ፣ ሁለቱንም ጎን በጣት ስፋት ልዩነት እስከ እሾሁ ድረስ ይተለትለዋል፤ ጨውና ሎሚ ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ ጥቂት ያቆየዋል፤ ከዚያ በደንብ በጋለ ዘይት ውስጥ ይለቀዋል። ዘይቱ ሳይግል ከገባ ዓሣው ዘይት ይጠጣል፣ ቆዳውም ድስቱ ላይ ይጣበቃል። መተልተሉ ጥልቅ ካልሆነ ደግሞ ውጭው ደርቆ አከርካሪው አጠገብ ጥሬ ይቀራል፤ ሲበሉት ሥጋው ከእሾሁ አልለቅም ካለ ምልክቱ ያ ነው፣ መልሱት። ጠቆር ያለ፣ ሲሸት ጉሮሮ የሚይዝ ዘይት ካያችሁ ጉላሽ እዘዙ። ትልቁን ከመሻማት ይልቅ መካከለኛውን ምረጡ፣ ጣት የምታክለውን ግን አትግዙ፤ ጠባብ ቀዳዳ ባለው መረብ ጫጩቱ እየተጠረገ ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። ከልጆች ጋር ለሚበላ ፊሌቶ ወይም ለብለብ ይሻላል፣ እሾሁ አያስቸግርም። በዳጣና በሎሚ መብላቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይበላው ክርስቲያን ብዙ ነው። ስለዚህ ጉላሽ ወይም ዱለት ስታዙ «ቆሮሶ ነው?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ተከትፎ ከመጣ በዓይን አይለይም።

ዓሣ ወሎ ውስጥ ሌላም ጥቅም አለው። ሥጋ ቤቶች የሙስሊምና የክርስቲያን ተብለው ይለያያሉ፣ አብሮ የሄደ ጓደኛ ሁሉ በአንድ ትሪ መብላት ሲፈልግ የማን እርድ ነው የሚለው ይመጣል። ዓሣ ላይ ይህ ጥያቄ የለም። የተቀላቀለ ቡድን ይዛችሁ ከሆነ ሌላ ቤት አትፈልጉ።

ገዳሙ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ከማንኛውም የቱሪስት ቦታ በፊት ገዳም ነው፤ ጉብኝቱ የሚበላሸው ይህ ሲረሳ ነው። ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። በሩ ላይ ደርሶ መከራከር ማንንም አይጠቅምም፤ ከሴቶች ጋር የምትሄዱ ከሆነ ይህን ከቤት ሳትወጡ ንገሯቸው፣ አንዱ ቡድን ገዳም ሲገባ ሌላው በጀልባ ወገቡን ይዙር ወይም በአካባቢው ያለውን የሴቶች ገዳም ይሳለም።

ቤተ ክርስቲያኑ ቀደም ብሎ የተተከለ ነው የሚል ትውፊት ቢኖርም ገዳሙን ገዳም ያደረጉት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ ከደብረ ዳሞ መጥተው እ.ኤ.አ. በ1248 እዚህ ጀመሩ። ዛሬ ሐይቅን የሚያልፍ መንገደኛ የማይገምተው ነገር ይህ ቦታ በዘመኑ የአገሪቱ ትልቁ ትምህርት ቤት እንደነበረ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዓመታት የተማሩት እዚህ ነው። የጣናውን ዳጋ እስጢፋኖስ የመሠረቱት አቡነ ሂሩተ አምላክ ከዚህ የወጡ ናቸው። በኋላም አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ እዚሁ ተምረዋል። በ1270 (እ.ኤ.አ.) ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ የገዳሙ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት ተብለው በቤተ መንግሥቱ ከትልልቆቹ ሹማምንት ተራ ገቡ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር እዚህ ደርሷል፤ ያኔ ገዳሙ ገና በውሃ የተከበበ ስለነበር ታንኳ ማበጀት ነበረባቸው።

ከሀብቶቹ ሁሉ የሚበልጠው አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያጻፉት ወንጌል ነው። እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ሲሆን የራሳቸው ሥዕል አለበት፤ ዘመናቸው በእርግጠኝነት ከታወቁ የኢትዮጵያ ሥዕላዊ ብራናዎች ቀደምቶቹ መካከል ነው። ብራና ማሳየት አለማሳየት የመነኮሳቱ ፈንታ ነው፤ ካሳዩአችሁ እጃችሁን ከኋላ አድርጋችሁ እዩ፣ ፍላሽ አታብሩ፣ ገጹን መነኩሴው ይግለጡት።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ነጠላ ልበሱ፣ ቁምጣ አይሆንም። አባቶችን ስታገኙ ቀና ብሎ እጅ መዘርጋት የለም፤ ጎንበስ ብላችሁ «ይፍቱኝ አባ» በሉ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሏችኋል፣ መስቀል ከሰጡ ትሳለማላችሁ። ሙስሊም ለሆነ ጎብኚ «እንደምን አደሩ አባ» ይበቃል፤ ወሎ ነውና ማንም አይደነቅበትም። የመግቢያውን ክፍያ ስትከፍሉ ደረሰኝ ይሰጣችኋል። ከዚያ በላይ ማድረግ የሚፈልግ ጧፍ ወይም ዕጣን ይዞ ይሂድ፤ ለሚያስጎበኝ መነኩሴ ብር በእጅ ማስጨበጥ አያምርም፣ ሙዳየ ምጽዋቱ አለላችሁ።

ሰዓቱን ከጾሙ ጋር አያይዙት። በአዘቦት ቀን ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ይመቻል። በጾም ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ከሰዓት የሚመጣ ጎብኚ አስጎብኚ አያገኝም። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፤ ለጸሎት ካልሆነ ሲያልቅ ድረሱ። ክብረ በዓል ማየት የሚፈልግ ጥቅምት 17 ወይም ጥር 1 ለእስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 ለአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ይሂድ፤ በእነዚህ ቀናት ማደሪያም መኪናም አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ወደ ገጠሩ

ብዙ ሰው የማይሄድበት፣ መሄድ ያለበት ግን አርዲቦ ነው። ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ሐይቅ ነው፤ ያነሰ፣ ዙሪያው በኮረብታ የታቀፈ። የመንገዱ ጥሩነት ውሃውን እየተከተላችሁ መውጣታችሁ ነው። ከአርዲቦ የሚወጣው ወንዝ ወደ ሐይቅ ሲወርድ ገበሬው በቦይ እየጠለፈ ሽንኩርቱን፣ ጫቱንና በቆሎውን ያጠጣበታል፤ በበጋ ወደ ታችኛው ሐይቅ የሚደርሰው ውሃ የሚያንሰው ለዚህ ነው። ግማሽ ቀን መድቡለት፣ የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጉ፣ ክፍያውን ሳትነሱ ተስማሙ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። በበልግና በክረምት መረሬው ጫማ ሥር እየተጋገረ እግር ያከብዳል፤ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ወጥቷል፣ አረንጓዴው አልደረቀም።

በዚህ ወቅት ማሽላው ፍሬ ይዞ ስለሚቆም በየማሳው ማማ ይሠራል፤ ልጆች ማማው ላይ ሆነው ወፍ በወንጭፍ ያባርራሉ። ወንጭፉ ሲጮህ ደስ ይላል፣ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ ግን የሚያየው ሰው የለም። በማሳ መሃል አቋርጣችሁ አትሂዱ፣ በድንበሩ ስትሄዱም ድምፅ አሰሙ። «እንዴት ዋላችሁ!» ብሎ ጮክ ማለት ሰላምታም መከላከያም ነው።

አብዛኛው የገጠሩ ሰው ሙስሊም ነው። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ጠይቆ ሳይጨርስ ወደ ጉዳይ መግባት ችኩል ያሰኛል። ሽማግሌ ከሆኑ «አባባ»፣ እናት ከሆኑ «እማማ»፤ በስም አትጥሩ። «ቡና ጠጡ» ከተባላችሁ ለአንድ ስኒ ብቻ አትግቡ። አቦልን ጠጥቶ መነሳት ከነጭራሹ አለመግባት ይብሳል፤ ቶናና በረካ አለ፣ ቡናው ላይ ዱዓ ከተደረገ እጅ ዘርግቶ «አሚን» ማለት አለ፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ ወይም በር ላይ ይቅርታ ጠይቃችሁ እለፉ። ባዶ እጅ ላለመግባት ቡና ወይም ስኳር ከከተማ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ፎቶ ከሆነ ከቡናው በኋላ፣ በፈቃድ፤ ሴቶችን ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው እስኪጋብዙ ካሜራውን በኪስ ያዙት። ከቀትር በኋላ የጫት ሰዓት ነው፤ መሪም ባጃጅም ለማግኘት ትቸገራላችሁ፣ ይህም ለጠዋቱ ሌላ ምክንያት ነው።

ተጨማሪ ቀን ላለው፣ በዚያው አስፋልት ወደ ሰሜን ውጫሌ አለ፤ የ1881ዱ ውል ሚያዝያ 25 የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ እዚያው አጠገብ ነው። ወደ ምሥራቅ የወረባቦዋ ቢስቲማ አለች፤ ለመንገዱ ብቻም ያስኬዳል። ግሸንን ግን ከዚህ ጋር አትደርቡት፤ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፣ በተለይ መስከረም 21 ሲቃረብ።

ወደ ደሴ ለመመለስ አስፋልቱ ላይ ቆማችሁ ከወልዲያ የሚመጣ መኪና አትጠብቁ፤ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ከተማዋ ውስጥ ከሚጭኑት ያዙ። ከአሥር ሰዓት በኋላ መኪናው እያነሰ፣ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል፤ አሥራ አንድ ካለፈ ኮንትራት ካልሆነ ተስፋ የለውም፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ አውሮፕላን የሚይዝ ሰው ደግሞ በዚያው ዕለት ጠዋት ከሐይቅ መነሳት የለበትም፣ ዋዜማውን ደሴ ይደር።